አሥር አቶም ውፍረት ላለው ስስ ፊልም ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ መጻፍ ያስኬዳል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የተግባራዊ ሒሳብ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናቸው። አማካሪያቸው በሰጧቸው ጽሑፍ ውስጥ የክሪስታል ፊልም ከፍታ እንደ ለስላሳ ፈንክሽን ተወስዶ እስከ አራተኛ ዴሪቬቲቭ ድረስ ይወጣለታል፤ ፊልሙ ግን ውፍረቱ አሥር የአቶም ንብርብር ብቻ ነው። «ግማሽ አቶም የለም፤ ከፍታው ከ3 ወደ 4 ይዘላል እንጂ 3.7 ላይ አይቆምም። ታዲያ ይህ ሒሳብ ምኑን ነው የሚገልጸው? ደግሞስ አቶሞቹን አንድ በአንድ የሚከታተል የሞንቴ ካርሎ ፕሮግራም እያለ ለምን በዚህ እንደክማለን?» ይላሉ።

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ያረፈበት ቦታ ግን ትንሽ ስቷል። እርስዎን ያሳሰበዎት ውፍረቱ ነው። ኮንቲኑየም ሞዴል፣ ማለትም ቁሱን አቶም በአቶም ሳይሆን እንደ ያልተቆራረጠ ነገር የሚያይ ሞዴል፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን የሚወስነው ግን የወርዱ ጉዳይ ነው፦ በገጹ ላይ ያሉት እርከኖች ምን ያህል ሰፊ ናቸው፣ እርስዎ ሊያውቁት የፈለጉት ነገርስ ከአንድ እርከን ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ሦስት ናኖሜትር የሚወፍር ፊልም በደንብ በእኩልዮሽ ሊገለጽ ይችላል፤ በአንጻሩ አንድ ማይክሮሜትር የሚወፍር ፊልም እኩልዮሹን እንቢ የሚልበት ቦታ ሊኖረው ይችላል። ወደ ዝርዝሩ ልግባ።

ፍጹም ጠፍጣፋ የሆነ የክሪስታል ገጽ በተግባር አይገኝም። ዋፈር፣ ማለትም ፊልሙ የሚያድግበት ስስ የክሪስታል ቁራጭ፣ ሲቆረጥ ከታሰበው አቅጣጫ ምንጊዜም ጥቂት ያዘነብላል፤ ብዙ ጊዜም ሆን ተብሎ ነው የሚያዘነብለው። ያ ዝንባሌ በአቶም ደረጃ ሲታይ የእርከን ተከታታይ ነው፦ ጠፍጣፋ ሜዳ፣ ከዚያ አንድ ንብርብር የሚወርድ ጠርዝ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጠፍጣፋ ሜዳ። የሲሊከንን 111 ገጽ (ቁጥሩ ክሪስታሉ የተቆረጠበትን አቅጣጫ ይጠቁማል) ብንወስድ የአንድ ጠርዝ ቁመት 0.314 ናኖሜትር ነው። ዝንባሌው 1 ዲግሪ ከሆነ የእርከኑ ስፋት ይህ ቁመት ለ1 ዲግሪ ታንጀንት ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 18 ናኖሜትር ገደማ። ዝንባሌው 0.1 ዲግሪ ከሆነ 180 ናኖሜትር ይሆናል። ፊልሙ ሲያድግ የሚወድቁት አቶሞች እርከኑ ላይ ይንከራተቱና ጠርዙ ላይ ይለጠፋሉ፤ ጠርዙም ወደፊት ይራመዳል። በዚህ ዓይነት እድገት አሥር ንብርብር ተጨመረ ማለት እያንዳንዱ ጠርዝ በአማካይ አሥር እርከን ተራመደ ማለት ነው።

በርተን፣ ካብሬራና ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረቡት ሞዴል የቆመው በዚህ ሥዕል ላይ ነው፤ ጽሑፉ ዛሬም ድረስ የዘርፉ መሠረት ነው። ልብ ይበሉ፤ በዚያ ሞዴል ውስጥ ከፍታ ለስላሳ ተደርጎ አልተወሰደም። ከፍታው 3 ነው ወይም 4 ነው፤ መሃሉ የለም። ለስላሳ የሆነው በእርከኑ ላይ ያለው የተንከራታች አቶሞች ጥግግትና የጠርዙ መስመር ብቻ ነው። ጥግግቱ የዲፍዩዥን እኩልዮሽን ይከተላል፤ ከላይ የሚዘንበው ፍሰት ይጨመርበታል፤ ገጹ ሞቃት ከሆነም የሚተነው ይቀነስበታል። ጠርዙ የሚራመድበት ፍጥነት ከግራና ከቀኝ ወደ እርሱ ከሚፈሰው የአቶም መጠን ይሰላል። እናም «ግማሽ አቶም የለም» የሚለው ተቃውሞ በቁመት በኩል ይህን ሞዴል አይነካውም።

በወርድ በኩል ግን ይነካዋል። ይህኛው የጥያቄዎ ጥልቅ ክፍል ስለሆነ በቁጥር እናስኪደው። አንድ አቶም ከአንድ ቦታ ወደ ጎረቤቱ ለመዝለል 1 ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ ነው) የሚያህል የኢነርጂ እንቅፋት አለበት እንበል። ይህ የምሳሌ ቁጥር ነው፤ የአንድ የተወሰነ ቁስ ልኬት አድርገው አይውሰዱት። አቶሙ በሰከንድ 10 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ እያንዳንዱ ርግብግቢት አንድ ሙከራ ነው። በ800 ኬልቪን ሙከራው የሚሳካው ከሁለት ሚሊዮን አንዴ ስለሆነ አቶሙ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይዘላል። ሙቀቱን ወደ 600 ኬልቪን ቢያወርዱት ዝላዩ ወደ 40 ሺህ ያሽቆለቁላል። ለአሁኑ 800 ላይ እንቆይ። ፍሰቱ በሰከንድ አንድ ንብርብር ይሁን፤ እርከኑ 18 ናኖሜትር፤ የጎረቤት ቦታዎች ርቀት 0.384 ናኖሜትር፤ ለቀላልነት ፍርግርጉን ካሬ እናድርገው። እርከኑ በወርዱ 47 ቦታ አለው ማለት ነው።

ጥግግቱ ጊዜ የማይለውጠው ከሆነና ሁለቱም ጠርዞች የደረሰባቸውን አቶም ሁሉ የሚውጡ ከሆነ መፍትሔው ፓራቦላ ነው፤ በጠርዞቹ ዘንድ ዜሮ፣ መሃል ላይ ከፍ ያለ። አማካዩ ፍሰቱ በስፋቱ ካሬ ተባዝቶ፣ ለ12 እጥፍ የዲፍዩዥን መጠን ሲካፈል ይገኛል። በሁለት አቅጣጫ ለሚዘል አቶም የዲፍዩዥኑ መጠን የዝላዩ ብዛት ሩብ ነው። ቁጥሮቹን ሲያስገቡ ውጤቱ ከ10,000 ቦታ 1.5 አቶም ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር አንድ ተንከራታች አቶም ለማግኘት 6,800 ቦታ ያህል ማሰስ ይኖርብዎታል፤ 18 ናኖሜትር በ56 ናኖሜትር የሆነ ቁራጭ መሬት ማለት ነው። በዚያ ሁሉ መሬት ላይ አንድ አቶም ብቻዋን ትንከራተታለች! እና እኛ ስለ «ጥግግት» እናወራለን፣ ዴሪቬቲቩንም እንወስዳለን።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ደንግጦ ወረቀቱን ያስቀምጣል። ማስቀመጥ የለበትም። በዚያ ቁራጭ መሬት ላይ በሰከንድ 6,800 አቶሞች ይወርዳሉ፤ አንዷ ሄዳ ሌላዋ ትተካለች። እያንዳንዷ በአማካይ 150 ማይክሮሰከንድ ያህል ትቆያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ700 በላይ ዝላይ ትዘላለች፣ ከዚያ ጠርዝ ላይ ትለጠፋለች። በዚሁ 150 ማይክሮሰከንድ ጠርዙ የተራመደው የአንድ ቦታ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጠርዙ ለአቶሟ የቆመ ግድግዳ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ የሚያየው እጅግ ብዙ አቶሞች ተራ በተራ ያመጡለትን አማካይ ብቻ ነው። ጥግግት ያልነው በአንድ ቅጽበት ተቆጥሮ የሚገኝ ብዛት አይደለም፤ በዚያ ቦታ አቶም የመገኘት ዕድል ነው። አቶሞቹ እርስ በርስ እስካልተነካኩ ድረስ ይህ ዕድል የሚከተለው እኩልዮሽ በፍርግርጉ ላይ ግምት የሌለበት ትክክለኛ ቀመር ነው። ኮንቲኑየሙ የጨመረው ግምት አንድ ብቻ ነው፤ በጎረቤት ቦታዎች መካከል ያለውን ሁለተኛ ልዩነት በሁለተኛ ዴሪቬቲቭ መተካት። የፓራቦላ ሁለተኛ ልዩነት ደግሞ ከሁለተኛ ዴሪቬቲቩ ጋር ልክ እኩል ነው። በእርከኑ መሃል ስሕተቱ ትንሽ ሳይሆን ዜሮ ነው። በወረቀት ይሞክሩት፤ ሁለት መስመር አይፈጅም።

እንግዲህ አቶማዊው ዝርዝር የት ገባ? ሁሉም ተሰብስቦ የወሰን ሁኔታው ውስጥ፣ ማለትም ጥግግቱ በጠርዙ ዘንድ ምን እንደሚሆን በሚደነግገው መስመር ውስጥ፣ ገብቷል። ለዚህ ነው በዚህ ሙያ ያለን ሰዎች አንድ የእድገት ሞዴል ሲቀርብልን እኩልዮሹን አልፈን መጀመሪያ የምናየው ጠርዙ ላይ የተጻፈውን መስመር የሆነው።

የመጀመሪያው የ1951 ሞዴል በጠርዙ ዘንድ ጥግግቱ የሚዛን ዋጋውን ይይዛል ብሎ ነበር። ይህ ጠርዙ የመጣለትን ሁሉ ወዲያው የሚቀበል፣ ከላይም ይምጣ ከታች የማይለይ አድርጎ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤርሊክና ሁዳ በፊልድ አዮን ማይክሮስኮፕ የተንግስተን አቶሞችን አንድ በአንድ ሲከታተሉ ግን አቶሟ ከላይኛው እርከን ጫፍ ስትደርስ ከመውረድ ይልቅ ወደኋላ እንደምትመለስ አዩ። ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም፤ ከጠርዙ ለመውረድ ስትል ከሥሯ ያሉትን ጎረቤቶች ለቅጽበት ማጣት አለባት። በዚያው ዓመት ሽዎበልና ሺፕሲ ይህ ተጨማሪ እንቅፋት በእርከን እድገት ላይ ምን እንደሚያስከትል በሒሳብ አወጡት። ዛሬ የኤርሊክና ሽዎበል እንቅፋት እየተባለ ይጠራል። በወሰን ሁኔታው ውስጥ የሚገባው በሁለት ቁጥር ነው፤ አንዱ ከታችኛው እርከን ለሚመጣ፣ ሌላው ከላይኛው ለሚመጣ፤ ሁለተኛው ያንሳል። ተጨማሪው እንቅፋት 0.1 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ቢሆን በ800 ኬልቪን የመውረዱን ዕድል ወደ ሩብ ገደማ ያወርደዋል፤ በ400 ኬልቪን ወደ አንድ አሥራ ስምንተኛ።

ከዚህች አለመመጣጠን የሚወጣው ነገር ብዛቱ ያስገርማል። ጠርዙ የሚመገበው በዋናነት ከፊቱ ካለው የታችኛው እርከን ነው እንበል። ከፊቱ ሰፊ እርከን ያለው ጠርዝ ብዙ አቶም ያገኛል፣ ይፈጥናል፣ ከፊቱ ያለውንም እርከን ያጠባል። ጠባብ ያለው ይዘገያል። ስለዚህ በእድገት ጊዜ እርከኖቹ ወደ እኩል ስፋት ይሄዳሉ። ያንኑ ክሪስታል አሙቀው አቶሞቹ እየተነሡ እንዲተኑ ቢያደርጉት ምልክቱ ይገለበጣል፤ ጠርዞቹም እየተከማቹ ይቧደናሉ። እስከዚህ ድረስ ጠርዙን ቀጥ ያለ መስመር አድርገን ነው። ጠርዙ ሲጎብጥ ምን ይሆናል? ወደፊት የወጣችው ጉብጉባት ከታችኛው እርከን የሚመጡትን አቶሞች ቀድማ ትሻማለች፤ ስለዚህ ይበልጥ ትወጣለች። ቤልስና ዛንግዊል ይህን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳዩ፤ እርከኖቹን በስፋት የሚያመጣጥነው ያው እንቅፋት ጠርዞቹን እንደ እባብ ያጣምማቸዋል። በዓመቱ ደግሞ ቪላን ሦስተኛውን ጨመረ። ዝንባሌ በሌለው ገጽ ላይ ደሴት ተፈጥሮ በላዩ የወደቁት አቶሞች መውረድ ካቃታቸው እዚያው ላይ ሌላ ደሴት ይሠራሉ፣ በዚያ ላይ ሌላ፤ ገጹም የጉብታ መስክ ይሆናል። አንድ እንቅፋት፣ ሦስት ውጤት፤ ሦስቱም የወጡት ከዚያው ኮንቲኑየም እኩልዮሽ ነው። አቶሞቹን አንድ በአንድ በሚከታተል ፕሮግራም ሦስቱንም ያዩ ነበር፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚመጣ ግን ፕሮግራሙ አይነግርዎትም።

አሁን አማካሪዎ ወደ ሰጡዎት ዓይነት ጽሑፍ እንምጣ፤ ከፍታው ራሱ ለስላሳ ፈንክሽን ወደሆነበት። ይህ ሌላ ደረጃ ነው፤ ከበርተን፣ ካብሬራና ፍራንክ ሞዴል አንድ ፎቅ ወደ ላይ ይወጣል። በእርከን የታረሰ ተራራ ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ተዳፋት እንደሚመስል፣ ብዙ ጠርዞችን ባንድ ላይ ወስዶ አማካዩን ማየት ነው። 3.7 ያሉት ከፍታ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው፤ በአንድ መስኮት ውስጥ ካለው ስፋት 70 በመቶው 4ኛው ንብርብር ላይ፣ 30 በመቶው 3ኛው ላይ ነው ማለት ነው። መስኮቱ ውስጥ ስንት ጠርዝ ገባ? በ1 ዲግሪ ዝንባሌ አንድ ማይክሮሜትር ርዝመት ላይ 55 ጠርዞች አሉ። አሥር ንብርብር ብቻ ቢወፍርም በ55 ጠርዞች ላይ የተዘረጋ የከፍታ ሞገድ ለስላሳ ፈንክሽን ተብሎ ቢጠራ ማንንም አያስቀይምም። በአንጻሩ ሺህ ንብርብር የሚወፍር ነገር ግን በአንድ ማይክሮሜትር ላይ አንድ ጠርዝ ብቻ ያለው ገጽ ለዚህ ዓይነት እኩልዮሽ አይመችም።

አራተኛው ዴሪቬቲቭ የመጣው ከመሊንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መሊንስ አቶሞች በገጹ ላይ የሚፈሱት ከከፍተኛ ኬሚካል ፖቴንሺያል (አንድ አቶም ሲጨመር የሚመጣው የኢነርጂ ለውጥ) ወደ ዝቅተኛ እንደሆነ፣ ኬሚካል ፖቴንሺያሉም ከገጹ ጉብጠት ጋር እንደሚሄድ ወሰደ። ጉብጠት ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ነው፤ ፍሰቱ የጉብጠቱ አንደኛ ዴሪቬቲቭ፤ የከፍታው ለውጥ ደግሞ የፍሰቱ ዴሪቬቲቭ። ሲደመር አራት። ከዚህ የሚወጣው ትንበያ ጥርት ያለ ነው፤ የሞገዱን ርዝመት በግማሽ ቢያሳንሱት 16 ጊዜ ፈጥኖ ይጠፋል። በዚህ ላይ እንቅፋቱ የሚያመጣውን ወደ ዳገት የሚሄድ ፍሰት ሲጨምሩ ጉብታ የሚያበቅል እኩልዮሽ ያገኛሉ፤ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ያበቅላል፣ አራተኛው ይገታል። የጉብታው ጎን በአንድ የተወሰነ ተዳፋት ላይ የሚረጋበት ዓይነት እኩልዮሽ በደንብ የተጠና ነው፤ ኮንና ያን እ.ኤ.አ. በ2003 ጉብታዎቹ በጊዜ አማካይ ሲታዩ ከጊዜ 1/3 ኃይል ፈጥነው መስፋት እንደማይችሉ በሒሳብ አረጋግጠዋል። የተግባራዊ ሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህን ማረጋገጫ ያንብቡት፤ ከብዙ ሲሙሌሽን ይልቅ ያስተምራል።

ይህ የላይኛው ፎቅ የማያየውን ነገር ግን ማወቅ አለብዎት፤ አንዳንዱ ጽሑፍ ይህን ሳይናገር ያልፋል።

አንደኛው ቀላል ነው። ጋሊየም አርሰናይድን በሞለኪውላር ቢም ኤፒታክሲ (አየር በወጣለት ክፍል ውስጥ አቶሞችን ገጹ ላይ እያዘነቡ ፊልም በማሳደግ) የሚያሳድጉ ሰዎች በሰዓት አንድ ማይክሮሜትር ገደማ ያሳድጋሉ፤ የአንድ ንብርብር ቁመት 0.283 ናኖሜትር ስለሆነ ይህ በሰከንድ አንድ ንብርብር ያህል ነው። ከገጹ ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሚተኮሰው የኤሌክትሮን ጨረር ከገጹ ሲመለስ ብሩህነቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንድ ዙር አንድ ንብርብር ነው። ንብርብሩ ግማሽ ሲሞላ ገጹ በደሴት ጠርዝ የተሞላ ስለሆነ ይደበዝዛል፣ ሲሞላ ይደምቃል። ለስላሳ ከፍታ ያለው እኩልዮሽ ግን ጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሚለው «ከፍታው በእኩል ፍጥነት ይጨምራል» ብቻ ነው። ያ ከፍ ዝቅ ማለት ከእኩልዮሹ ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል። ይህን ማየት ከፈለጉ አንድ ፎቅ ይውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ካፍሊሽ፣ ኦሸር፣ ራችና ባልደረቦቻቸው የደሴቶቹን ጠርዝ በሌቭል ሴት ዘዴ (ጠርዙን የአንድ ለስላሳ ፈንክሽን የእኩል ዋጋ መስመር አድርጎ በሚይዝ ዘዴ) እየተከታተሉ፣ በእርከኖቹ ላይ ያለውን ጥግግት ብቻ ለስላሳ አድርገው መሥራት የጀመሩት ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው ረቀቅ ያለ ነው። አቶሞቹ እርስ በርስ እስካልተነካኩ እኩልዮሹ ትክክል ነው ብዬ ነበር። ደሴት ግን የሚፈጠረው ሁለት አቶሞች ሲነካኩ ነው። በሰፊ ሜዳ ላይ የመፈጠሩን ፍጥነት በጥግግቱ ካሬ መገመት ያስኬዳል፤ ሁለት አቶም ሲገናኝ የማይፈርስ ደሴት የሚሆን ከሆነ የደሴቶቹ ብዛት ፍሰቱ ለዲፍዩዥኑ ሲካፈል ከሚገኘው 1/3 ኃይል ጋር ይሄዳል። ፍሰቱን ስምንት እጥፍ ቢያደርጉት ደሴቶቹ እጥፍ ይሆናሉ። በጉብታ አናት ላይ ባለች ትንሽ ደሴት ግን ነገሩ ይበላሻል። እዚያ የወደቀች አቶም በእንቅፋቱ ምክንያት መውረድ አቅቷት ረጅም ጊዜ ትዞራለች፤ ሁለተኛ አቶም ከመጣች ደግሞ መገናኘታቸው አይቀርም፤ አንዴ ከተገናኙም ደሴት ሆነው ይቀራሉ። የጥግግት ካሬው ስሌት ግን እነዚህን ሁለት አቶሞች ደጋግመው እንደሚገናኙ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ክሩግ፣ ፖሊቲና ሚሸሊ እ.ኤ.አ. በ2000 ይህ ስሌት የመፈጠሩን ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያጋንን አሳይተዋል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሁለተኛዋ ስትመጣ የመጀመሪያዋ አሁንም አለች ወይ?» የሚል የዕድል ጥያቄ ነው። ከሙከራ የእንቅፋት ዋጋ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ይህን ካላስተዋለ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል።

ሦስተኛው እኔ ራሴ በጣም የምወደው ነው፤ የጠፍጣፋው አናት ጉዳይ። ሙቀቱ ዝቅ ሲል የገጹ ኢነርጂ በተዳፋቱ ላይ ያለው ጥገኝነት ስለታም ጫፍ ያወጣል። አንዱ ክፍል ከተዳፋቱ ፍጹም ዋጋ ጋር ይሄዳል፤ ይህ ጠርዝ ለመሥራት የሚከፈለው ነው። ሌላው ከተዳፋቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ይሄዳል፤ ይህ ጠርዞች እርስ በርስ የሚገፋፉበት ነው፤ መገፋፋቱ በርቀታቸው ካሬ ስለሚቀንስ ነው ሦስተኛ ኃይል የሚመጣው። ተዳፋት ባለበት ሁሉ ይህ ያማረ እኩልዮሽ ይሰጣል። አናቱ ላይ ግን ተዳፋቱ ዜሮ ነው፣ ጠርዝም የለም፤ ኬሚካል ፖቴንሺያሉ ከቀመሩ ሊወጣ አይችልም። የሒሳብ ሰዎች ለዚህ መውጫ አላቸው፤ የፍጹም ዋጋ ፈንክሽንን ጫፍ የሚያስተናግድ የዴሪቬቲቭ ማስፋፊያ ተጠቅመው የጠፍጣፋውን ክፍል ዳርቻ እንደ ተንቀሳቃሽ ወሰን ያገኙታል። ችግሩ ተፈጥሮ ያንን ማስፋፊያ የመከተል ግዴታ የለባትም። በእውነተኛው ገጽ ላይ የሚሆነው የላይኛዋ ክብ ጠርዝ እየጠበበች ሄዳ ትጠፋለች፣ ከዚያ ቀጣይዋ፣ ከዚያ ቀጣይዋ፤ ይህ መፈራረስ የዳርቻውን ሁኔታ ይወስናል። ኢዝራኤሊና ካንደል እ.ኤ.አ. በ1999 ሾጣጣ ክሪስታል ሲረግብ ጠርዝ በጠርዝ ተከታትለው፣ ማርጌቲስና ባልደረቦቹም ከዚያ በኋላ በተከታታይ ሥራዎች፣ ዳርቻው ላይ ከጠርዞቹ የሚመጣ መረጃ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። በአናቱ ዙሪያ ያሉ ጥቂት ጠርዞች የሩቁን ገጽ ሁሉ ይመራሉ። ማስፋፊያው ያለምንም ማስጠንቀቂያ ያማረ ሥዕል ስለሚሰጥ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

ወደ ሞንቴ ካርሎው። ከላይ በወሰድነው ምሳሌ አንድ ማይክሮሜትር በአንድ ማይክሮሜትር የሆነ ገጽ 6.8 ሚሊዮን ቦታ አለው። በማንኛውም ቅጽበት ሺህ ያህል ተንከራታች አቶም ይኖራል፤ እያንዳንዱ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ ይዘላል። ለአንድ ሰከንድ እድገት 5 ቢሊዮን ዝላይ፣ ለአሥር ደቂቃ 3 ትሪሊዮን። ኮምፒውተርዎ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዝላይ ቢያስኬድ 35 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ከጠርዝ እየተላቀቁ የሚመለሱትን ሳንቆጥር፣ ያውም ለአንድ ሙቀትና ለአንድ ፍሰት። ከእነዚያ 3 ትሪሊዮን ዝላዮች አብዛኞቹ አቶሟ ባዶ እርከን ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል የባከኑ ናቸው፤ ፓራቦላዋ ያንን በአንድ መስመር ጨርሳዋለች። ይህ ማለት ሞንቴ ካርሎን ይጣሉት ማለት አይደለም። የወሰን ሁኔታውን ሁለት ቁጥሮች፣ የጠርዙን ግትርነት (ላለመጉበጥ ያለውን እምቢታ)፣ ደሴት የመፈጠሩን ዕድል ከትንሽ ገጽ ላይ ለማውጣት ከእርሱ የተሻለ የለም። ቦታው እዚያ ነው።

ውጥረት ስላለባቸው ፊልሞች፣ ለምሳሌ ሲሊከን ላይ ስለሚያድግ ጀርማኒየም፣ በጥያቄዎ ስላልጠቀሱ አልፈዋለሁ። የፍርግርጎቹ ልዩነት 4.2 በመቶ ስለሆነ ውጥረቱ ራሱ ገጹን ያጎብጣል፤ ያ ስሌት የተለመደውን የመለጠጥ ቲዎሪ ይጠቀማል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ንብርብሮች ግን ለምን ጠፍጣፋ ሆነው እንደሚቆዩ ከመለጠጥ ቲዎሪ ብቻ አይወጣም፤ ለብቻው የሚጨመር ኢነርጂ ይፈልጋል።

ለመመረቂያ ሥራዎ ከሆነ እንዲህ ቢጀምሩ እመርጣለሁ። መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 50 ቀጥ ያሉ ጠርዞችን ይውሰዱ። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ፓራቦላዋን በሁለቱ የወሰን ቁጥሮች በእጅ ይፍቱ፤ የጠርዞቹ ፍጥነት 50 ተራ ዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ይሆናል፣ በማንኛውም ላፕቶፕ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ስፋቶቹን በዘፈቀደ አዛብተው ይነሡ፤ በእድገት ጊዜ ካልተመጣጠኑ ኮድዎ ውስጥ የላይኛውና የታችኛው እርከን ተቀያይረዋል ማለት ነው፤ ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ከዚያ ጥቂት እርከን ባለው ትንሽ ገጽ ላይ ሞንቴ ካርሎ ያስኪዱና ፍጥነቶቹን ያስተያዩ። ወደ ለስላሳው ከፍታ እኩልዮሽ የሚሻገሩት ከዚህ በኋላ ነው።

እዚያ ሲደርሱ የጊዜ እርምጃው ያስቸግርዎታል። አራተኛ ዴሪቬቲቭ ባለበት ቀጥተኛ ዘዴ የነጥቦቹን ርቀት በግማሽ ሲያሳንሱ የጊዜ እርምጃው 16 ጊዜ ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ቢያንስ አራተኛውን ዴሪቬቲቭ በኢምፕሊሲት ዘዴ (የሚቀጥለውን እርምጃ ዋጋ ራሱን እኩልዮሹ ውስጥ አስገብቶ በሚፈታ ዘዴ) ይያዙት። የነጥቦቹንም ርቀት ከአንድ እርከን ስፋት በታች አያውርዱ። በ18 ናኖሜትር እርከን ላይ ነጥቦቹን በ0.4 ናኖሜትር ደርድረው የሚያምር ዝርዝር ቢያገኙ፣ ያ ዝርዝር የመጣው ከኢንተርፖሌሽኑ እንጂ ከክሪስታሉ አይደለም፤ እርከን ውስጥ ያለውን ማየት ከፈለጉ ወደ 50ዎቹ ጠርዞች ኮድዎ ይመለሱ።